ዓርብ ዓርብ የሚሞቱ ዓሦች

ዓሣ ሲሞት አይጮህም። በሬ ቢሆን ያጓራል፤ ውሻ ቢሆን ያላዝናል፤ ዶሮ እንኳ ክንፏን አራግባ ሰፈሩን ሳትሰበስብ አትሞትም። ዓሣ ግን ሆዱን ወደ ጣራ ያዞርና በቃ። ምን ሆንክ ብትሉት መልስ የለውም። የት ጋ አመመህ ብትሉት ዝም። ይህን የምላችሁ ከመጽሐፍ አንብቤ እንዳይመስላችሁ። በአንድ በጋ ውስጥ ከሠላሳ በላይ ዓሣ ሞቶብኛል። ያውም ሐይቅ ዳር አይደለም፤ ወረታ ከተማ፣ እቤቴ ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር።

ዓሣ እቤት ውስጥ ምን ይሠራል ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ያኔም የወረታ ሰው ያለኝ ይህንኑ ነው።

ጊዜው ሃምሳዎቹ ውስጥ ነው። እኔ ከመምህራን ማሠልጠኛ የወጣሁ ትኩስ አስተማሪ ነበርኩ። ወረታ የገባሁት ጭነት መኪና ላይ ተሳፍሬ፣ እስከ ቅንድቤ አቧራ ለብሼ ነው። ሻንጣዬ ውስጥ ሁለት ሸሚዝ፣ አንድ ጋቢና አንድ ወፍራም ደብተር ነበረ። ደብተሩ ውስጥ የዓለም ምሥጢር በሙሉ ተጽፏል ብዬ አምን ነበር። ምነው ሳቃችሁ? ሃያ አራት ዓመት ሲሞላችሁ እናንተስ ምን ታምኑ ነበር?

ማሠልጠኛው ውስጥ ሳይንስ ያስተማረን ፈረንጅ ቤቱ ውስጥ በመስታወት ሳጥን ዓሣ ያኖር ነበር። ሳጥኑ ውስጥ አሸዋ አለ፤ አሸዋው ላይ የውሃ ሣር በቅሏል፤ በሣሩ መካከል ዓሦቹ ይመላለሳሉ። ሣሩ ለዓሣው አየር ይሰጠዋል፤ የዓሣው ቆሻሻ ለሣሩ ፍግ ይሆነዋል፤ ሁለቱ ተደጋግፈው ይኖራሉ አለን። እኔ ይህን ስሰማ ዕንባዬ ሊመጣ ምንም አልቀረውም። ደብተሬ ላይ በቀይ ቀለም ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት።

ወረታ ስደርስ ደግሞ ዓሣ ሞልቷል። ክረምት ሲሆን ጣና ሞልቶ ፎገራ ሜዳ ላይ ይተኛል፤ ርብና ጉማራ ወንዞችም ከበላይ ይጨምሩበታል። መስከረም ጠብቶ ውሃው ሲሸሽ በየኩሬው ዓሣ ይቀራል። ጎንበስ ብሎ ማንሳት ነው። የቀረኝ መስታወት ብቻ ነበር።

መስታወቱን ያገኘሁት ከሐጂ ሰይድ ነው። ሐጂ ሰይድ መንገድ ዳር ሱቅ ያላቸው፣ ጨዋታ አዋቂ ሽማግሌ ናቸው። ጠርዙ በቆርቆሮ የታሰረ፣ ድሮ ከረሜላ ያሳዩበት የነበረ የመስታወት ሳጥን ሱቃቸው ጥግ ተጥሎ አየሁ። ለምን እንደፈለግሁት ስነግራቸው ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። ከዚያ፣ ውሰደው ልጄ፣ ሰው ብቻውን ሲኖር ብዙ ነገር ያስባል አሉኝ። አዝነውልኝ ነው።

የሳጥኑን መገጣጠሚያ በሬንጅ ደፈንኩት። አሸዋ አመጣሁ። ከረግረጉ ሣር ነቅዬ ተከልኩበት። ከሣሩ ጋር ትናንሽ ቀንድ አውጣዎች ተጣብቀው መጡ፤ ማንም አልጠራቸውም፣ ግን እንግዳ ናቸው ብዬ ተውኳቸው። በመጨረሻ ከኩሬ ጣት ጣት የሚያካክሉ ቀረሶ የሚባሉ ዓሦችና ጢማቸው የሚያስቅ የአምባዛ ግልገሎች አምጥቼ ለቀቅሁ። ጥቅምትን በሙሉ አንድም ዓሣ አልሞተም። ይህን ልብ በሉልኝ። ሣሩ ለመለመ፣ ዓሦቹ ወፈሩ፣ እኔም ከእነርሱ በላይ ወፈርኩ። አከራዬ እቴ ብርቄ እንኳ፣ መጀመሪያ ላይ ቤቴን ኩሬ አደረገው ብለው ያማረሩት፣ ኋላ ኋላ ጎረቤት እየጠሩ ያስጎበኙ ጀመር። እቴ ብርቄ ባላቸው የሞተባቸው፣ ልጅ የሌላቸው፣ ሽሮ ሲሠሩ ለእኔም በሳህን ከድነው የሚያመጡልኝ ሴት ነበሩ።

ታዲያ ምን ነካቸው? እኔን የነካኝ ነው የነካቸው።

አንድ ቀን ሐጂ ሰይድ ሱቅ ቆሜ አንዲት ልጅ አባቷን ተከትላ ገባች። ቅቤ ይዛለች። ሐጂ፣ ዓሣ በሳጥን የሚያኖረው አስተማሪ ይኸው አሏት። ቀና ብላ አየችኝና አንድ ነገር ጠየቀችኝ።

«ዓሣ ይጠማዋል?»

እስቲ እናንተ መልሱ! ወፍራሙን ደብተር በሐሳቤ ከዳር እስከ ዳር ገለበጥሁት፤ የለም። አላውቅም አልኳት። ሳቀችና ወጣች። እኔ እዚያው ቀረሁ። የመጣሁበትን ክብሪትም ሳልገዛ ተመለስኩ።

ይታይሽ ትባላለች። አባቷ ባላምባራስ ደምሌ ናቸው፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ሜዳው ላይ ከብት ያረባሉ። የፎገራ ከብት አርቢ ማለት ምን ማለት እንደሆነ የማታውቁ ካላችሁ ልንገራችሁ። ላሞቻቸውን ሁሉ በስም ያውቃሉ፤ የሰው ስም ግን ይጠፋባቸዋል። «ያ የቡሬዋ ላም ጌታ» ብለው ነው ሰውን የሚያስታውሱት። እኔ ደግሞ የደብረ ታቦር ልጅ ነኝ፤ አባቴ በልጅነቴ ሞቷል፤ ከብት የሚባል ነገር የለኝም። ባላምባራስ እኔን በምን ያስታውሱኝ?

ቢሆንም ሽማግሌ ላክሁ። ሐጂ ሰይድን ለመንኳቸው፤ ሁለት ሽማግሌ ጨምረው ሄዱ። ባላምባራስ እንደ ወጉ ሁለቴ መለሷቸው። ሦስተኛው ላይ አስቀመጧቸው፤ የተባባሉትን ሐጂ ራሳቸው እየሳቁ ነገሩኝ።

«ልጁ ከብት አለው?» አሉ ባላምባራስ።

ሐጂ ነጋዴ ናቸው፤ የለም ማለት አያውቁም። «አለው» አሉ።

«ምን አለው?»

«ዓሣ።»

«ይበላል?»

«ይበላል።»

«ይጠጣል?»

«ከመጠጣት ሌላ ሥራ የለውም።»

«ይረባል?»

«በአላህ ፈቃድ።»

ባላምባራስ ትንሽ አሰቡ አሉ። «እንግዲያ ከብት ነው» ብለው ፈረዱ። ከዚያም ቁርጡን ተናገሩ። ከጥምቀት በኋላ ባለው እሑድ መጥተው በዓይናቸው ያያሉ። ከብቱን በጤና ካገኙት ዐቢይ ጾም ሳይገባ ሠርግ ይሆናል። ሞቶ ካገኙት ግን ከብት እጁ ላይ ለሚያልቅበት ሰው ልጃቸውን አይሰጡም፤ ሐጂም ቂም እንዳይዙባቸው።

በደስታ እንቅልፍ አጣሁ። በአንድ ጊዜ ከአስተማሪነት ወደ ከብት አርቢነት አደግሁ። ወዲያውም ራሴን ማሰናዳት ጀመርኩ። ይታይሽ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ትመጣለች። ነጭ ሆኜ ልታየኝ ይገባል አልኩ። ቀድሞ ልብሴን የማጥበው ሲከረፋ ነበር። አሁን ግን ዓርብ ዓርብ ከትምህርት ቤት መልስ ወንዝ ወርጄ ጋቢዬን፣ ሸሚዜን፣ ሱሪዬን ማጠብ ልማድ አደረግሁ። ስመለስ ደግሞ ባላምባራስ ድንገት ቢመጡስ ብዬ የሳጥኑን መስታወት ከውስጥም ከውጭም በጨርቅ አሻለሁ። ወረታ ውስጥ ከእኔ የነጣ ጋቢ፣ ከእኔ የጠራ መስታወት አልነበረም።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ቀረሶ ሞተው ተንሳፈፉ። አዘንኩ፤ አልደነገጥሁም። ርቧቸው ይሆናል ብዬ ቂጣ ፈረፈርኩላቸው፤ የእንቁላል አስኳልም ቀቅዬ በተንኩላቸው። ውሃው እንደ ሾርባ ሆነ። ቀይሬው ሳምንቱን ደህና ሰነበቱ። በሁለተኛው ቅዳሜ አራት ሞቱ። ቀንድ አውጣዎቹም አብረው አልቀው ነበር። ግን ቀንድ አውጣ ማን ይቆጥራል? የዓለምን ምሥጢር የያዘ ሰው ይቆጥራል እንጂ! አልቆጠርኩም።

እኔ ለተማሪዎቼ ሰሌዳ ላይ እንዲህ ብዬ እጽፍ ነበር፦ አስተውል፣ ገምት፣ ፈትን። ስለዚህ አስተዋልኩ። ሁልጊዜ የሚሞቱት ዓርብ አምሽቶ ቅዳሜ ሲነጋ ነው። ለምን ዓርብ? እቴ ብርቄን አማከርኳቸው። እሳቸው አንድ ደቂቃም አልፈጀባቸው።

«እንቁላል እያበላህ! በዓርብ! አንተ ብትገድፍ የራስህ ጉዳይ ነው። እነሱን ምን አድርጉ ትላለህ?»

ሳይንስ አስተማሪ ነኝ፤ ሳቅሁባቸው። ከሳቅሁ በኋላ ግን እሺ ምን ይጎዳኛል ብዬ ረቡዕና ዓርብ አስኳሉን አስቀረሁ። ዓሦቼን አስጾምኳቸው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቂጣም አይቀምሱም። ቅዳሜ ሦስት ሞተው አገኘሁ። እቴ ብርቄ፣ እንግዲህ በጸጋ ሞቱ አሉኝ።

ቀጥሎ አየር አንሷቸዋል አልኩ። መቃ ቆርጬ አንዱን ጫፍ ውሃው ውስጥ ነከርሁና በሌላው ጫፍ እፍ ማለት ያዝኩ። እፍ፣ እፍ፣ እፍ። ውሃው ይንቦቀቦቃል፤ ደስ ይላል። ግማሽ ሰዓት ስነፋ ዓይኔ ጨለመ፣ ተንገዳግጄ አልጋዬ ላይ ወደቅሁ። እቴ ብርቄ ገብተው ሲያዩኝ ጠበል እንውሰደው ብለው ጎረቤት ሊጠሩ ነበር። በዚያ ሳምንት አምስት ሞቱ። እኔም ለጥቂት ነው የተረፍኩ።

ከዚያ ጥርጣሬዬ ሬንጁ ላይ አረፈ። ሬንጅ ነው እንዳልል ጥቅምትን ሙሉ ያው ሬንጅ ነበር። ስለዚህ መስታወቱ ነው አልኩና ሐጂ ሰይድ ዘንድ ሄድኩ። በዚህ ሳጥን ውስጥ ከዚህ በፊት መርዝ አስቀምጠው ያውቃሉ ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። ሐጂ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ስማ ልጄ፣ በዚህ ሳጥን ስንት ዓመት ከረሜላ አኑሬበታለሁ። አንድም ሞቶብኝ አያውቅም።»

ምን ትመልሳላችሁ? ተመለስኩ።

የሞተውን በሕይወት ባለው እየተካሁ ነበር የምገፋው። ቅዳሜ ቅዳሜ ኩሬ ለኩሬ እዞራለሁ። ታኅሣሥ ሲጋመስ ግን ኩሬው ደረቀ፤ ጭቃው ተሰነጠቀ። ከዚያ በኋላ ዓሣ ለማግኘት ግማሽ ቀን መሄድ ሆነ። በዚያው ልክ ሐሳቤ ከፋ። እውነቴን ነው የምላችሁ፤ ያኔ ለዓሣ አይደለም የማለቅሰው። ይታይሽ እሑድ ጠዋት ነጠላዋን አጣፍታ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ስትወጣ ሳያት፣ እያንዳንዱ የሞተ ቀረሶ ከእሷ አንድ እርምጃ እንዳራቀኝ ይሰማኝ ነበር።

ሰው እንዲህ ሲጨንቀው ምን ያደርጋል? ጥፋተኛ ይፈልጋል። አገኘሁ። እቴ ብርቄ!

ማስረጃ? የለኝም። ግን ቤቱ የሳቸው ነው፤ ውሃውም በእንስራቸው ነው የሚቀዳ። ሳሙና የነካው ውሃ ጨምረውበት ይሆናል አልኩ። ሳሙና ለዓሣ ጥሩ እንዳልሆነ ከደብተሬ አውቃለሁ፤ ለዚህም ከመጀመሪያው «ሳሙና ወደዚህ አይቀርብም» ብዬ በትልቁ ጽፌ ከሳጥኑ በላይ ለጥፌያለሁ። እቴ ብርቄ ማንበብ አይችሉም። አያችሁ ነገሩ እንዴት እንደገጠመልኝ? ጠየቅኋቸው። መጠየቅ ስል በቁጣ ነው። ሴትየዋ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

«እኔ? ዓሣ ገደልሽ ነው የምትለኝ? ባሌ የሞተ ጊዜ እንኳ እንዲህ አልተመረመርሁም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሽሮው ቀረ። ሰላምታውም ቀረ። እኔ ግን ልቤ አልራራም። ለሳጥኑ የቆርቆሮ ክዳን አሠርቼ ቁልፍ አንጠለጠልሁበት። ዓሣ የቆለፈ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ቁልፉን አንገቴ ላይ አሥሬ እውል ነበር። ዓርብ ገበያ እንደሚሄድ ሰው ተዘገጃጅቼ ልብሴን አጠብሁ፣ መስታወቱን አሸሁ፣ ቆለፍሁ። ቅዳሜ ከፈትሁ፤ አራት ሞተዋል። ጤነኛ ሰው ቢሆን፣ እንግዲህ እቴ ብርቄ አይደሉም ይላል። እኔ ያልሁት ሌላ ቁልፍ አላቸው ነው።

ጥምቀት አለፈ። የቀሩኝ ዘጠኝ ናቸው፦ ስድስት ቀረሶና ሦስት አምባዛ። ባላምባራስ እሑድ ይመጣሉ። ዓርብ ከሰዓት እንደ ልማዴ ወንዝ ወረድኩ፤ ዛሬ ከሌላው ቀን ይልቅ ልብሱ መንጣት አለበት። መለስ ብዬ መስታወቱን በደንብ አሸሁ፤ ጥጋጥጉን ሁሉ፣ ሣሩንም ጭምር። ጨርቁን ሳጥኑ ጫፍ ላይ ጣል አድርጌ ልብሴን ላሰጣ ወደ ጓሮ ዞርሁ።

አስጥቼ ስመለስ መደቡ ላይ ባላምባራስ ደምሌ ተቀምጠዋል።

ከብት የሚያይ ሰው በቀጠሮው ቀን አይመጣም፣ ባለቤቱ አሰናድቶ ይጠብቀዋል አሉኝ። እቴ ብርቄ፣ ቢያኮርፉኝም እንግዳ እንግዳ ነውና፣ ጠላ ቀድተውላቸው በር ላይ ቆመዋል። ባላምባራስ ዱላቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ዓሦቹን እንደ በሬ ነው የሚያዩአቸው፤ ዓይናቸውን፣ ጎናቸውን፣ ጭራቸውን። ይህ ጢማሙ አውራው ነው ወይ አሉኝ። አዎ አልኳቸው፤ አላውቅም። ግጦሻቸው ጥሩ ነው አሉ ሣሩን አይተው። ልሰጣት ነው፣ አልኩ በልቤ፤ ማለቴ ሊሰጡኝ ነው። ቃሉም ተምታታብኝ።

ባላምባራስ ጠላቸውን ሳይጨርሱ አንዱ ቀረሶ ወደ ላይ መጣና አፉን ከፈት ከደን አደረገ። ከዚያ ሁለተኛው። ከዚያ አንዱ በጎኑ ተኛ። እኔ ደረቅሁ። ባላምባራስ ግን ዘለው ተነሱ። ጣታቸውን ውሃው ውስጥ ነከሩና አሸተቱት። ጣታቸውን እርስ በርስ አሹት፤ ያሙለጨልጫል።

«እንዶድ!» አሉ። «ሴትዮ፣ ዕቃ አምጪ! ንጹሕ ውሃ!»

እቴ ብርቄ ያገኙት ቡሃቃቸውን ነው። ትንሽ አመነቱ፤ ኋላ ሊጡን ገልብጠው፣ አለቅልቀው ውሃ ሞሉት። ባላምባራስ የጋቢያቸውን ጫፍ ትከሻቸው ላይ ወርውረው በሁለት እጃቸው ዓሣ እየዘገኑ ወደ ቡሃቃው ይከታሉ። እኔ? እኔ መሐል ላይ ቆሜ «ሳሙና ወደዚህ አይቀርብም» የሚለውን ጽሑፍ አነባለሁ።

ስድስቱ ቀረሶዎች ሞቱ። ሦስቱ አምባዛዎች ጢማቸውን እያንቀሳቀሱ ቡሃቃው ሥር ተኙ። አምባዛ ጠንካራ ነው፤ ጭቃም ይችላል፣ እኔንም ቻለኝ።

ባላምባራስ እጃቸውን ጠርገው ተቀመጡ። ከብት ከሚጠጣበት ውሃ በላይ በእንዶድ ያጠበ ሰው በእኛ መንደር ሽማግሌ ፊት ይቆማል አሉ። ዓሣው ተገልብጦ፣ አልቅቱ ሞቶ ሲንሳፈፍ እያየን ነው ያደግነው አሉ። ከዚያ ዱላቸውን መሬት ላይ ተክለው ጠየቁ፦

«ይህን ውሃ እንዶድ ያስነካ ማን ነው?»

ያቺን ደቂቃ እስከ ዛሬ አልረሳትም። ሁሉም በአንድ ጊዜ ገባኝ። ወንዝ ዳር እንዶዱን ወቅጬ የምቋጥርበት ጨርቅ፣ ልብሴን የማሽበት ጨርቅ፣ ስመለስ መስታወቱን የምጠርግበት ጨርቅ አንድ ነው። ሳሙናን በጽሑፍ ከልክዬ መርዙን በእጄ ይዤ እገባ ነበር። ሳሙና የፈረንጅ ነው፣ ያሰጋል፤ እንዶድ የጓሮአችን ፍሬ ነው፣ ምን ያደርጋል ብያለሁ። የዓሦቹ ዓርብ የእኔ ልብስ ማጠቢያ ቀን ነው! ጥቅምትን በሙሉ በሰላም የኖሩት እኔ ቆሻሻ ስለነበርሁ ነው።

ጨርቁ ሳጥኑ ጫፍ ላይ ተንጠልጥሏል። የማን ጨርቅ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። እቴ ብርቄ በር ላይ ቆመዋል፤ ቤቱ የሳቸው ነው፤ ቀድሞም ከስሻቸዋለሁ፤ ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል። አንዲት ቃል ብቻ ነው የምትበቃኝ። ዝም ብል እንኳ ትበቃኛለች። ከዚህ ወዲያ ይታይሽ አለች።

እቴ ብርቄን አየኋቸው። ሊጣቸውን የደፉበት እጃቸው ገና እርጥብ ነው። አፈርሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «የዛሬዎቹን ብቻ አይደለም ባላምባራስ። ከሠላሳ በላይ ናቸው። ሁሉንም እኔ ነኝ የገደልኋቸው። እቴ ብርቄንም በሐሰት ከስሻቸዋለሁ።»

ጎንበስ ብዬ የእቴ ብርቄን ጉልበት ሳምሁ። እሳቸውም፣ ተነስ፣ መጀመሪያ ያን ቁልፍ ከአንገትህ አውልቅ፣ ሰው ያይሃል አሉኝ።

ባላምባራስ ዱላቸውን መልሰው ጭናቸው ላይ አጋደሙ። ጠላው ከፊታቸው አለ፤ አይነኩትም። አለቀ ብዬ ጫማዬን ማየት ጀመርሁ። ኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ተናገሩ። ከዓመታት በፊት ጥጆቻቸው በአንድ ክረምት ተከታትለው አለቁባቸው። ጎረቤታቸውን ዓይንህ ነው የበላብኝ ብለው ከሰሱት፤ ሰውዬው ከመንደሩ ወጣ።

«ጥጆቹን የገደለ እኔው ለአጥር ብዬ የተከልሁት ቅጠል ነበር» አሉ። «ደረስሁበት። ግን አልተናገርሁም። ሰውዬው ዛሬ ይፋግ ነው ያለ። ገበያ ላይ ሳየው መንገድ እቀይራለሁ። አንተ በአንድ ቀን ያልኸውን እኔ ይህን ሁሉ ዓመት አቃተኝ።»

ዓይናቸው ዕንባ ሞልቷል። ይህን የሚያህል ሰው ፊቴ ላይ እንዲህ ሲሆን ደነገጥሁም፣ ወደድኋቸውም። ተነሱ፤ በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር ሳይሉ፣ እሑድ ሐጂ ይምጡ አሉ። እሺ ማለታቸው ነው።

ሠርጉ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ሆነ። ከባላምባራስ አጠገብ አንድ የማላውቀው ሽማግሌ ተቀምጦ ነበር፤ ከይፋግ የመጣ ነው አሉኝ፤ ባላምባራስ በእጃቸው ሲያጎርሱት አየሁ።

በእኛ አገር ወግ ለጎጆ መውጫ የሚሆን ከብት ከሁለቱም ወገን ይጣላል፤ ማጫ ይባላል። ከሙሽራው ቤት የቀረበውን ያህል ከሙሽሪት ቤት ይቀርባል፤ እኩል በእኩል ነው። ሐጂ ሰይድ ቆመው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አወጁ።

«ከሙሽራው ወገን፣ ሦስት አምባዛ!»

ዳሱ በሳቅ ፈረሰ። ባላምባራስ አልሳቁም። ተነስተው ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

«ከእኔ ወገን፣ ሁለት ጊደር።»

እልልታ ሆነ። በሦስት ዓሣ ሁለት ጊደር ያገኘ ሰው ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም አልተሰማም። እኔ ግን ቁጥር አስተማሪም ነበርሁ። እኩል በእኩል ከሆነ ሦስት ይሆናል አይደል? ምናልባት ጨዋታ ነው ብዬ ተውሁት። ማን ደፍሮ ይጠይቃል? ጊደሮቹ ከአማቼ መንጋ ጋር ሜዳው ላይ ቀሩ፤ ከተማ ምን ያደርጋሉ። እኛ እዚያው እቴ ብርቄ ቤት ኖርን።

ከዚያ ወዲያ ለስንት ዓመት ይህን ታሪክ ለተማሪዎቼ ሳስተምርበት ኖርሁ። እውነት የተናገረ ሚስትም ጊደርም ያገኛል እላቸው ነበር። አንድ ቀን ግን ይታይሽ ስሰብክ ሰማችኝና ቤት ስንገባ እውነቱን አውጣ አለችኝ። አወጣሁ። እንደ ጻድቅ አልነበርሁም አልኳት። ያን ቀን ከወንዝ መምጣቴ ነበር፤ ክርኔ ላይ የእንዶድ አረፋ ገና አልደረቀም። ልካድ ብል እንኳ ነገ ከነገወዲያ ትዝ ይላቸው ነበር ብዬ ፈርቼ ነው።

ይታይሽ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። እንደ ነገረችኝ፣ አባቷ አረፋውን ገና ከጓሮ ስገባ አይተውታል። ማን ነው ብለው የጠየቁት ሳያውቁ ቀርተው አልነበረም፤ ምን እንደምል ሊሰሙ ነው።

«ታዲያ ከተናገርሁ» አልኳት ቅር ብሎኝ፣ «ሦስተኛዋን ጊደር ለምን ያስቀሩብኛል?»

«ማን ነው ሲልህ መጀመሪያ ወደ እቴ ብርቄ አይተሃል አለ አባቴ። ስለዚህ ሦስተኛዋ የሳቸው ናት ብሎ በማግሥቱ ላከላቸው።»

ቁጭ አልኩ። እቴ ብርቄ የዚያን ዓመት ከዘመድ ደረሰኝ ያሏት ጊደር ትዝ አለችኝ። ጊደሯ አድጋ፣ ወልዳ፣ ታልባ፣ እኔ ጠዋት ጠዋት በራቸው ላይ ጣሳ ይዤ እየቆምሁ ስድስት ዓመት ወተት ገዝቻለሁ።